የካቲት 12 ጎጌቲም ላይ ነበር

አዲስ አበባ በመጣሁበት ዓመት ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ "ራስ ደስታ ጋ ወራጅ አለ!" ብዬ ስንት ጊዜ እንደጮኽኩ እግዜር ይቁጠረው። ያኔ ራስ ደስታ ለኔ የሆስፒታል ስም ነበር፤ አክስቴ ግፊቷን የምትለካበት፣ እኔ ደግሞ አጥሩ ሥር ቆሜ የምጠብቃት ቦታ። ራስ ደስታ ዳምጠው እኔ ባደግኩባት በቡታጅራ አካባቢ ተይዘው እንደተገደሉ ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ያውም ከአገሬ ሽማግሌ አፍ ሰምቼ ሳይሆን ከመጽሐፍ አንብቤ።

ነገሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ከአገር ከወጡ በኋላም ደቡብ ላይ የቀረው ጦር ወዲያው አልተበተነም። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ፣ የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርድና ደጃዝማች ገብረማርያም ጋሪ ለወራት ሲዋጉ፣ ሲያፈገፍጉ፣ እንደገና ሲዋጉ ቆዩ። በየካቲት 1929 ጉራጌ ምድር ላይ፣ ጎጌቲ በሚባል ቦታ ጣልያን ከበባቸው። ጦሩ እዚያ አለቀ። ሁለቱ ደጃዝማቾች ከዚያ ዘመቻ በሕይወት አልወጡም። ራስ ደስታ ቆስለው ከበባውን ጥሰው ቢያመልጡም አምስት ቀን ብቻ ነበር የቀራቸው፤ የካቲት 17 ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። ራስ ደስታና ደጃዝማች በየነ የንጉሠ ነገሥቱ የልጆቻቸው ባሎች ነበሩ። የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነወርቅ በግዞት ጣልያን ተወስደው በ1933 ቱሪን ውስጥ ዐረፉ።

ጎጌቲ ላይ ውጊያው ያበቃው የካቲት 12 ቀን ነው። አዎ፣ ያው የካቲት 12።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን ከተማውን በደም አጠቡት። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የእነሱ ነው፤ በየዓመቱ አበባ ይቀመጥለታል፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ሄጄ ቆሜያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጎጌቲ ትዝ አላለችኝም። ያላወቁት ነገር እንዴት ትዝ ይላል? ከኛ አገር ሜዳ ላይ በዚያው ቀን የወደቁት ሰዎች፣ በዚያው ቀን በዋና ከተማ ከደረሰው እልቂት ጎን ድምፃቸው ጠፋ። በዚህ አዲስ አበባን አልከስስም። የምከስሰው ካለ ራሴን ነው።

ባለፈው መስቀል አገር ቤት ገብቼ፣ ክትፎው ተበልቶ ቡና እየተፈላ፣ ይህንኑ አነሳሁት። እድሜ እኩዮቼ የሆኑ ዘመዶቼ ወዲያው ተቀበሉኝ። አንዱ "ጎጌቲ ብሔራዊ ፓርክ መሆን አለበት" አለ። ሌላው "ፒቲሽን እንክፈት" አለ። ሦስተኛዋ ስልኳን አውጥታ ርዕስ መጻፍ ጀመረች። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት አጎቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ፓርክ ስትሉ፣ አጥር ነው?"

መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሞቹ። ራስ ደስታ ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው። በደጃዝማች ገብረማርያም ስም የሚጠራው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት፣ ሊሴ ገብረማርያም፣ አዲስ አበባ ነው። በዚህ ላይ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶን ጨምሩ። ከዚሁ ከኛ አገር ገና ልጅ ሳሉ በጦርነት ተማርከው እንደተወሰዱ ይነገራል፤ አድነው የወሰዷቸው ሰዎች አሳድገዋቸው ዓድዋ ላይ መድፈኛ ሆኑ፤ በስተርጅናቸው ደግሞ ጣልያንን ሲዋጉ ሞቱ። እሳቸውም በስማቸው ሆስፒታል አላቸው፤ ያለው አዲስ አበባ ነው። ጉራጌ ከሆናችሁ ይህ ነገር ሊገርማችሁ አይገባም። እኛም እንደዚያው ነን። ሱቃችን፣ ስማችን፣ ዕቁባችን አዲስ አበባ፤ መሬታችንና ሬሳችን አገር ቤት። በዓመት አንዴ ለመስቀል ሄደን እንጠይቀዋለን። ለጀግኖቻችን ግን መስቀል እንኳን የላቸውም፤ ወደ ወደቁበት የሚመልሳቸው ቀን አልተቆረጠም።

ይህ ልማድ የጉራጌ ብቻ አይደለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 የተመረቀው ፒያሳ ላይ ነው። ሕንጻውን ወድጄዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፎቶ ሲነሳ ማየት ደስ ይላል። ግን ሙዚየም የሚያደርገውና ሜዳ የሚያደርገው ይለያያል። ሙዚየም የተመረጠ ነገር ያሳያችኋል፤ የመረጠው ሰው አለ፤ መብራቱ የት እንደሚያርፍ የወሰነ አለ። ሜዳ ላይ ስትቆሙ ግን ቁልቁለቱን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ። ውሃው በየት በኩል እንደሆነ፣ የተከበበ ሰው ወዴት ሊሮጥ ይችል እንደነበር፣ ለምን እንዳልቻለም ታያላችሁ። አሸናፊውም ተሸናፊውም የቆሙት በአንድ አፈር ላይ ነው። ይህን ፒያሳ ሊሰጠን አይችልም። ፒያሳ ያለው የድሉ ትርጉም ነው፤ ዳገቱ ያለው ትግራይ ነው።

እንግዲህ "ፓርክ ይሁን" የሚለው ጩኸት ከዚህ አንጻር ትክክል ነው። መሬቱ ራሱ ሰነድ ነው፤ አንዴ ከታረሰ፣ ከተቆፈረ፣ ባህር ዛፍ ከበላው በኋላ ፎቶኮፒ የለውም። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው።

በኛ አገር ሕግ "ብሔራዊ ፓርክ" የአራዊት ቃል ነው። የዱር እንስሳት ልማትን የሚመለከተው አዋጅ 541/1999 ነው ፓርክን ፓርክ የሚያደርገው፤ ሐሳቡ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ሳላ ነው። ቅርስን የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ 209/1992 ነው፤ እሱን ስንሰማ በአብዛኛው የሚታየን ሐውልት፣ ዋሻ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ነው። የጦር ሜዳ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። እንስሳ የለውም፤ ሐውልት የለውም። ያለው እንሰት፣ በቆሎ፣ የጭቃ ቤት፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው።

የኛ ሰው ደግሞ ፓርክ ማለት ምን እንደሆነ ከልምድ ያውቃል። የአዋሽ ፓርክ ሲከለል ከረዩዎች ግጦሻቸውን አጥተዋል። ነጭ ሳር ላይ በ1997 ጉጂዎች ቤታቸው ተቃጥሏል። ስሜን ላይ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ከተራራው ወርደው ደባርቅ ሰፈሩ። ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበረው፤ አንዳንዱም ምክንያት ጥሩ ነበር። ግን አጎቴ "አጥር ነው?" ብለው ሲጠይቁ ያሰቡት ዋልያውን አይደለም። የጉራጌ መሬት እንደምታውቁት ጠባብ ነው፤ ልጅ አዲስ አበባ የሚሰደደውም አንዱ ለዚህ ነው። በጠባብ መሬት ላይ "ይህ የሙታን ነው" ስትል ሕያዋኑን ማስነሳትህ ነው።

አሁን ዘቢዳርን አቋርጠን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወልቂጤ ወገን እንሂድ። ጎጌቲ ላይ ብቻ ብንቆም ነገሩ በጣም ቀላል ይሆንልናል። ጎጌቲ ላይ ጠላት ጣልያን ነው፤ ለማን እንደምናለቅስ አንጠራጠርም። ወልቂጤ በኩል ያለው ትዝታ ግን ሌላ ነው። ስሙ ጀብዱ ሜዳ ይባላል።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ክስታኔ ጉራጌ ያለ ብዙ ውጊያ ገብቷል። ምዕራቡ ግን እምቢ አለ። የእምቢታው መሪ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ሲሆኑ እንቅስቃሴው የእስልምና ጂሃድ መልክ ነበረው። ጀብዱ ሜዳ ላይ ራስ ጎበና ዳጬ ሰበሯቸው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1888 ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ 1888 ሳይ የኢትዮጵያ ጆሮዬ "ዓድዋ!" አለኝ። ዓድዋ በኛ 1888 ነው፤ ጀብዱ ሜዳ ግን በኛ አቆጣጠር 1880 ወይም 1881 ላይ ይውላል። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ስምንት ዓመት ውስጥ የተሸነፈው አገር ለአሸናፊው ዘማች ሆነ። ባልቻን አስታውሱ።

በባሕሩ ዘውዴ "የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983" ውስጥ ጀብዱ ሜዳ የጥቂት መስመር ዕድሜ ነው ያላት። የባሕሩ ጥፋት አይደለም፤ የአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሲጻፍ አንድ ሜዳ ከዚያ በላይ አይደርሰውም። ጥፋቱ እኛ ከዚያ ጥቂት መስመር በላይ አለመጻፋችን ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ሳነብ "ራስ ጎበና ድል አደረጉ፤ ሐሰን እንጃሞ ተሸነፈ" ብዬ ጽፌ አገኘሁት። አንደኛውን አንቱ፣ ሌላውን አንተ። ሆን ብዬ አይደለም። አማርኛዬ ራሱ ወገን ለይቶ ነበር። እንግሊዝኛ ቢሆን አይታወቅብኝም ነበር፤ አማርኛ ግን ያጋልጣል። አርሜዋለሁ፤ ግን ስንት መማሪያ መጽሐፍ፣ ስንት ድራማ፣ ስንት የዩቲዩብ ትረካ ሳይታረም እንዳለፈ አስቡት። ጀብዱ ሜዳ ላይ የሚተከል ሰሌዳ ካለ የመጀመሪያው ፈተናው ይኸው ነው፦ ግሱን ለማን ያበዛል?

ይህ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልደከምኩ። ሐሰን እንጃሞ ዛሬም የማን እንደሆኑ ጥያቄ አለ። ቀቤና ድሮ በጉራጌ ዞን ሥር ነበር፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ልዩ ወረዳ ነው። ለቀቤና ልጅ ሐሰን አባት ናቸው። ለሰባት ቤቱ ደግሞ ትዝታው አንድ ዓይነት አይደለም፤ መሪዬ ብሎ የተከተላቸው አለ፣ የፈራቸውም አለ። ከዘቢዳር ወዲህ ማዶ፣ በቡታጅራ ዙሪያ፣ ከ2011 ወዲህ በመስቃንና በማረቆ መካከል በቀበሌ ይገባኛል የተነሳው ግጭት ሰው ገድሏል፤ ቤት አቃጥሏል። ስለዚህ "እዚህ ሜዳ ላይ ይህ ሆነ" ብሎ ሰሌዳ መትከል ሥራው የቱሪዝም ቢሮ ብቻ አይደለም። ሰሌዳው በማግስቱ የወሰን ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ፓርክ የሚጠይቁ ጓደኞቼ ይህን አላሰቡትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ቡናው እስኪፈላ ድረስ አላሰብኩትም።

ሥነ ጽሑፋችን ቀድሞን ቢሄድ ጥሩ ነበር። ጉራጌ ምድር ትልቅ ደራሲ አልነሳችም፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም አሉ። "የሺነጋ መንደር" የሚለውን ሥራቸውን መጀመሪያ የጻፉት በቸሃ ነው፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታተመ። ልብ በሉ፣ ስለ መንደራቸው ሲጽፉ በመንደራቸው ቋንቋ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጦርነትና ስለ ንጉሥ ልብ ወለድ ሲጽፉ ግን የመረጡት ቴዎድሮስን ነው። መብታቸው ነው፤ ቴዎድሮስን ያልጻፈ ማን አለ? የኔ ቅሬታ እሳቸው ላይ ሳይሆን ከእሳቸው በኋላ በመጣነው ላይ ነው። ለቋራው ሰው ይህን ያህል ቀለም ስናፈስ ለጀብዱ ሜዳና ለጎጌቲ የሚሆን ጠብታ አልተረፈንም። ደራሲ ያልረገጠውን ሜዳ ሕዝብ ፓርክ አድርግልኝ ብሎ አይጠይቅም። ጎጌቲን እኔ ያወቅኳት በመጽሐፍ መስመር ከሆነ፣ መስመሮቹ ቢበዙ ኖሮ ስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር ቆሜ ባዶ አእምሮ አይኖረኝም ነበር።

የሌላውን አገር ልምድ እንይ። አሜሪካኖች ጌቲስበርግን እ.ኤ.አ. በ1895 ብሔራዊ የጦር ሜዳ ፓርክ አድርገውታል፤ ብዙዎቻችን ፓርክ ስንል በልባችን ያለው የዚያ ፎቶ ነው፤ የታጨደ ሣር፣ የተደረደረ መድፍ። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላኛው ሜዳቸው ነው። ሞንታና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1876 የላኮታና የሸያን ተዋጊዎች የጄኔራል ከስተርን ጦር ደመሰሱ። ሜዳው ግን ለብዙ ዘመን የሚጠራው በከስተር ስም ነበር፤ የተሸነፈው ሰው፣ መንግሥቱ ግን ያሸነፈለት። ስሙ ተነሥቶ "ሊትል ቢግሆርን" በሚለው የወንዙ ስም የተተካው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ለነባሮቹ ተዋጊዎች መታሰቢያ የቆመው ደግሞ በ2003። መቶ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። የሚያስተምረኝ ነገር ይህ ነው፦ አጥሩ ቀድሞ ከተሠራና ትረካው በኋላ ከመጣ፣ ትረካው አጥሩን እስኪያስተካክለው አንድ ክፍለ ዘመን ይሄዳል።

እኛ ደግሞ ከዚያ የተሻለ መነሻ አለን ብዬ አምናለሁ። ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ገጠር የገባችሁ ሁሉ ጀፎረን አይታችኋል። በመንደሩ መካከል የተዘረጋ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ሣር የለበሰ አደባባይ መሰል መንገድ፤ ግራና ቀኙ ጎጆ፣ ከጎጆው ጀርባ እንሰት። ጀፎረ ላይ ሰርግ ይጨፈራል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ፈረስ ይጋለባል፣ ሸንጎ ይቀመጣል፣ ከብት ይግጣል። አጥር የለውም፤ ዘበኛ የለውም፤ ቲኬት የለውም። ግን ማንም ተነስቶ አያርሰውም። የሚጠብቀው ሥርዓት ነው። ጥሶ የገባ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። መሬት በጠበበበት አገር፣ ይህን የሚያህል ለም መሬት ሳይታረስ ትውልድ ሲያሻግር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለአጎቴ የምሰጠው መልስ፦ አጥር አይደለም፤ ጀፎረ ነው።

ምን ማለቴ ነው? ጎጌቲም ይሁን ጀብዱ ሜዳ፣ ገበሬው ከማሳው አይነሳም። ጦሩ የቆመበት፣ የተቀበረበት፣ ያመለጠበት ቦታ የቱ እንደሆነ የአካባቢው ሰው ከታሪክ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ይለያል። ከዚያ ውስጥ የማይታረስ፣ ቤት የማይሠራበት፣ ባህር ዛፍ የማይተከልበት ክፍት መሬት የቱ ይሁን የሚለውን የሚወስኑት ከብታቸውን የሚያግጡበት ሰዎች ናቸው። መንግሥት ውሳኔውን በቅርስ አዋጁ ይመዘግበዋል፣ ለሚቀርባቸው ጥቅም ይክሳል። ከብቱ ይግጥ፤ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱ። በዓመት አንድ ቀን ግን ሸንጎ ይቀመጥ። ለጎጌቲ ቀኑን መፈለግ አያስፈልግም፤ የካቲት 12 አለ። ስድስት ኪሎ አበባ በሚቀመጥበት ሰዓት እዚህም ሰው ይቁም።

ለጀብዱ ሜዳ ከበዓል በፊት ሸንጎው ይቀድማል። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቂጫ የሚባል የዳኝነት ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌዎች ሜዳ ላይ ተቀምጠው የሚመክሩበት። ሣህለ ሥላሴም "አፈርሳታ" ብለው የሰየሙት ልብ ወለድ አላቸው፤ ጎጆ ተቃጥሎ ማን እንዳቃጠለ ለማወቅ አገር የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ይዞ የሚሄድ። ጀብዱ ሜዳ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ነገር ነው። የቀቤናው ይምጣ፣ የሰባት ቤቱ ይምጣ፣ የጎበና ዘሮች ነን የሚሉም ይምጡ፤ እያንዳንዱ ከአያቱ የሰማውን ይናገር፤ ይቀዳ፣ ይጻፍ። ላይስማሙ ይችላሉ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ትረካ ጎን ለጎን ቢጻፍ የሚጎዳን ነገር አይታየኝም፤ ሁሉም አንቱ እስከተባለ ድረስ።

"የዋህ ነህ" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጀፎረውም ራሱ ዛሬ እየጠበበ ነው፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሽማግሌ እያለቀ፣ ወጣቱ አዲስ አበባ ነው። እውነት ነው። እኔም ወጣቱ ነኝ፤ እኔም አዲስ አበባ ነኝ። ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ይከብዳል፦ ቁስል ገና በሚደማበት አካባቢ የድሮ ቁስል መንካት ምን ይጠቅማል? ለዚህ ያለኝ መልስ አንድ ነው። እኛ ባንነካውም ሌላው እየነካው ነው። ቲክቶክ ላይ ገብታችሁ የነዚህን ሰዎች ስም ፈልጉ፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጀርባው ላይ ባንዲራ አድርጎ ለሌላ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲዝት ታገኛላችሁ። ሁለቱም ሜዳውን አላዩትም። ሜዳውን ያየ፣ የአንዱንም የሌላውንም ሽማግሌ ተቀምጦ የሰማ ሰው ቢያንስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትሄዱ ጢያ በስተመንገድ ናት። በ1972 በዩኔስኮ የተመዘገቡት 36 ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ማን እንደተከላቸው፣ ሰይፎቹ ምን እንደሚቆጥሩ ስንገምት እንኖራለን፤ የሚነግረን ሰው የለም። ድንጋይ ተርፎ ታሪኩ ሲጠፋ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጎጌቲ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ድንጋይ ባይኖርም የሚያስታውስ ሰው አለ፤ ቢያንስ ካስታወሰ ሰው የሰማ አለ። እሱ እስኪሞት መጠበቅ የለብንም።

ከመስቀሉ በኋላ ስመለስ አጎቴ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ቆጮ በፌስታል አስይዘውኝ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ አብረውኝ ቆሙ። የራስ ደስታን ነገር ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ሰምተው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ። "ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። "አልጠየቅከኝማ" አሉ። ረዳቱ "ሞልቷል፣ እንሂድ!" ብሎ በሩን ዘጋው። ለየካቲት እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ፤ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ መቅጃውን ከፍቼ።